ከምሽቱ 5 እስከ ሌሊቱ 8፦ የተያዘ ክፍል የጠፋበት ሌሊት

ሁለት ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሆቴል ይገባሉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ደክሟቸዋል። ክፍል አስይዘዋል። የክሬዲት ካርድ ቁጥር ሰጥተዋል። አምሽተው እንደሚደርሱም አስቀድመው አስመዝግበዋል። የቀራቸው ቁልፍ ተቀብሎ መተኛት ብቻ ነው። ሪሰፕሽን ላይ ያለው ሠራተኛ ግን ክፍል የለም አላቸው።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2001 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ቦታው አሜሪካ ውስጥ፣ ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ከተማ የሚገኝ አንድ የደብልትሪ ሆቴል። እንግዶቹ ከሲያትል የመጡ የድረ ገጽ አማካሪዎች ናቸው። አንደኛው የሒልተን የወርቅ ደረጃ ደንበኛ ነው፤ ደብልትሪ ደግሞ ከ1999 ጀምሮ የሒልተን ንብረት ነው። ባጭሩ፣ ሰውየው ለቤቱ እንግዳ አይደለም።

ደብልትሪን የሚያውቅ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ብስኩቱን ነው። እንግዳ ሲገባ ትኩስ የቸኮሌት ብስኩት በእጁ ይሰጡታል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቆየ መለያቸው ነው። እንግዳ ተቀባይነቱን በብስኩት ያስመሰከረ ቤት ነው እንግዲህ በዚያ ሌሊት ስሙ የጎደፈው።

የሆቴል ቅሬታ ብዙ ዓይነት ነው። ጎረቤት ክፍል ይጮኻል። አንሶላው ላይ ፀጉር ይገኛል። ሙቅ የተባለው ውሃ ለብ ብሎ ይወርዳል። ዋይፋዩ ሎቢ ላይ እሳት ይሆንና አልጋ ላይ ሲደርሱ ይጠፋል። ሂሳብ ሲመጣ ማንም ያልነገረዎት ክፍያ ተደርቦበት ይመጣል። ሁሉም ያናድዳሉ፤ ግን መላ አላቸው። ክፍል ይቀየራል፣ አንሶላ ይነሳል፣ ሂሳብ ይቀነሳል። ክፍሉ ራሱ ከሌለ ምኑ ይቀየራል? ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እንግዶቹ ደቂቃ በደቂቃ መዝግበውታል።

ሠራተኛው ያቀረበው ምክንያት ይህ ነበር። የቀሩት ክፍሎች ቧንቧቸውና አየር ማቀዝቀዣቸው ተበላሽቷል፣ ሰው አይገባባቸውም። ደህና የነበሩትን የመጨረሻ ክፍሎች ደግሞ ከሦስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሰጥቷል። ማለትም ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ። ከዚያ በኋላ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ሌላ ቦታ ልፈልግላቸው ብሎ ስልክ አላነሳም።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ላይ አብዛኞቹ እንግዶቻችን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አይመጡም አላቸው። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ ይቅርታ የምጠይቅበት ምክንያት የለኝም አለ። እንግዶቹ በካርድ የተያዘ ክፍል ጋራንቲ አለው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዱት ሞክረዋል። አልሰማቸውም። በስተመጨረሻ የተገኘላቸው በርካታ ማይል ርቆ ያለ፣ ደረጃው ዝቅ ያለ ማረፊያ ነው። ክፍሎቹም ሲጋራ የሚጨስባቸው ነበሩ።

ይህ ሁሉ የእንግዶቹ ቃል ነው። ሠራተኛው የራሱን ወገን ታሪክ በአደባባይ ሲናገር እኔ አልሰማሁም። ይህን እያስታወስን እናንብበው።

ሌላ ሰው ቢሆን ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። እነዚህ ግን ሙያቸው ለድርጅቶች ገለጻ ማቅረብ ነው። ፓወርፖይንት ከፈቱ። ርዕሱን፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ «ሆቴላችሁ በጣም መጥፎ ሆቴል ነው» አሉት። ከዚያ ልክ ለቦርድ እንደሚቀርብ ሪፖርት ነጥብ በነጥብ፣ በግራፍ፣ በከባድ ጨዋነት ሠሩት። ጋራንቲ የሚለውን ቃል ፍቺ ከመዝገበ ቃላት አውጥተው ለጥፈዋል። እኔን በጣም ያሳቀኝ ግን የዕድል ስሌቱ ነው። ዳግመኛ ወደዚያ ሆቴል የመመለሳችን ዕድል ምን ያህል ነው ብለው ጠየቁና ማነጻጸሪያ ደረደሩ። አንዲት አላፊ ኮከብ መሬትን ጎትታ ከሥርዓተ ፀሐይ የማስወጣቷ ዕድል 1 ለ2,200,000። የእንግሊዝን ሎተሪ የማሸነፍ ዕድል 1 ለ13,983,816። እኛ የመመለሳችን ዕድል ከሁሉም ያነሰ ነው አሉ። ደግሞስ ብንመለስ ክፍል ታስቀምጡልናላችሁ ወይ የምትል ነገር ጣል አደረጉባት።

ሰነዱን ለሆቴሉ ኃላፊዎች ላኩት፤ ለጥቂት የሚያውቋቸው ሰዎችም አቀበሉት። ጊዜውን ልብ በሉ። ፌስቡክ የለም፣ ዩቲዩብ የለም፣ ትዊተር የለም። እንግዶች ስለ ሆቴል አስተያየት የሚጽፉበት ትሪፕአድቫይዘር ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። በኢሜይል ብቻ፣ ሰው ለሰው እየተቀባበለው፣ ዓለምን አዳረሰ። የአሜሪካው ጋዜጣ ዩኤስኤ ቱዴይ ጻፈበት። ለእንግዶቹ ከየአገሩ ኢሜይል ጎረፈላቸው። ተመራማሪዎች እነዚያን ኢሜይሎች ሰብስበው በ2004 ጥናት እስከ ማሳተም ደረሱ። ሆቴሉም ይቅርታ ጠየቀ። ያ ሌሊት ላይ የተነፈገው ይቅርታ ማለት ነው።

ወሬው ይህ ነው። እኔ መቆየት የምፈልገው ወሬው ላይ አይደለም፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን ሆቴሎች ለምን ካላቸው ክፍል በላይ እንደሚሸጡ እንይ። ኦቨርቡኪንግ ይሉታል። ብዙ እንግዳ ማጭበርበር ይመስለዋል። አይደለም። የያዘ ሰው ሁሉ አይመጣም። በረራ ያመልጠዋል፣ ይታመማል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ጭራሽ ሁለት ሆቴል ይዞ አንዱን ይተዋል። ዛሬ ሌሊት ያልተሸጠ ክፍል ደግሞ ነገ አይሸጥም። ዳቦ እንኳን ቢያድር ይበላል፤ የሆቴል ሌሊት አያድርም። ስለዚህ በአማካይ ይቀራል ተብሎ የሚገመተውን ያህል ጨምረው ይሸጣሉ።

ችግሩ «በአማካይ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። መቶ ክፍል ያለው ሆቴል እናስብ። ከመቶ እንግዳ አምስቱ ይቀራሉ እንበል። ታዲያ ማናጀሩ 105 ቢሸጥ ልክ ይመጣል? አይመጣም። በአማካይ አምስት ይቀራሉ ማለት በየሌሊቱ አምስት ይቀራሉ ማለት አይደለም። አንድ ሌሊት ስምንት ይቀራሉ፣ ሌላ ሌሊት ሁለት ብቻ። እያንዳንዱ እንግዳ በራሱ ጉዳይ የሚቀር ከሆነ፣ 105 የሸጠ ሆቴል ከአሥር ሌሊት በአራቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ሰው ደጅ ይተርፈዋል። 102 ብቻ ቢሸጥ ይህ የሚደርሰው ከመቶ ሌሊት በሦስቱ ወይም በአራቱ ነው። ልዩነቱ ሦስት ክፍል ነው። በእነዚያ ሦስት ክፍሎች ገቢ የሚያገኘውና ሌሊት ላይ ስድብ የሚቀበለው ግን አንድ ሰው አይደለም። ቁጥሩን የሚወስነው ቀን ቀን ቢሮ ይቀመጣል። ሌሊት ላይ አልጋው ውስጥ ነው።

በሂዩስተኑ ሆቴል ላይ የተበላሹ ክፍሎች ነበሩ ተብሏል። እሺ፣ እንመን። ቧንቧ ይፈነዳል፣ ማቀዝቀዣ ይሞታል፤ የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል። ግን የተበላሸ ክፍል ከሚሸጠው ቁጥር ላይ ይቀነሳል። ያንን የሚያውቅ ሆቴል ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በእጁ ያለውን ክፍል ይቆጥራል። ገና ያልገቡ እንግዶችን ዝርዝር ያያል። ሁለት ስም አለ። አጠገባቸው ጋራንቲድ ተብሎ ተጽፏል። አምሽተው እንደሚመጡም ተመዝግቧል።

እዚህች ላይ ሠራተኛው ምን እንዳሰበ መገመት አይከብድም። መሽቷል። እነዚህ ሰዎች እስካሁን አልመጡም፤ አይመጡም ይሆናል። ከፊቱ ደግሞ ክፍል የሚፈልግ ሰው ቆሟል። በእጅ ያለችን አንዲት ወፍ ማን ይለቃል? ሰጠው።

ነገር ግን ጋራንቲ የሚባለውን ነገር በደንብ ስናየው ይህ ሐሳብ ይፈርሳል። ያለ ካርድ የተያዘ ተራ ቡኪንግ በአብዛኛው እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ከዚያ ሆቴሉ ለፈለገው ይሸጠዋል። እንግዳው ካርዱን የሚሰጠው ይህ እንዳይሆንበት ነው። ብቀር እንኳን የአንድ ሌሊቱን ሂሳብ ከካርዴ ቁረጡ፣ ክፍሌን ግን አትንኩብኝ ማለቱ ነው። ስለዚህ ያ ክፍል ባዶ ቢያድርም ሆቴሉ አይከስርም። አስቀድሞ ተሸጧል። ለሌላ ሰው መስጠት ማለት አንዱን ሌሊት ሁለት ጊዜ መሸጥ ነው። ሠራተኛው ኪሳራ ያዳነ መስሎት ይሆናል። ያዳነው ኪሳራ አልነበረም።

አብዛኞቹ እንግዶቻችን በዚህ ሰዓት አይመጡም የምትለውም ቃል የምትከሽፈው እዚሁ ላይ ነው። ካርድ ሰጥቶ ክፍል የሚያስይዝ ሰው፣ ካርዱን የሰጠው በዚህ ሰዓት ስለሚመጣ ነው። በጊዜ የሚደርስ ሰው ጋራንቲ ምን ያደርግለታል?

እሺ፣ ክፍሉ ተሰጠ፤ ያለፈው አልፏል። አሁንም ሦስት ሰዓት አለ። በሆቴል ሙያ ክፍል ያጣን እንግዳ ወደ ሌላ ሆቴል መላክ «ዎክ ማድረግ» ይባላል። የታወቀ አሠራር አለው። ተመጣጣኝ ወይም የተሻለ ሆቴል ፈልጎ መያዝ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ሂሳብ መክፈል፣ መኪና ማቅረብ፣ እንግዳው ቤተሰቡን ወይም መሥሪያ ቤቱን እንዲያሳውቅ ስልክ መስጠት። በማግሥቱም ክፍል ተገኝቷል፣ ይምጡልን ማለት። ቪዛን የመሰሉ የካርድ ኩባንያዎችም በደንባቸው ተመሳሳይ ግዴታ ያስገባሉ። ማንን መላክ እንደሚሻልም ሙያው የራሱ ልማድ አለው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድር፣ በሌላ ድርጅት በኩል በቅናሽ የያዘ፣ የቤቱ ቋሚ ደንበኛ ያልሆነ ሰው ነው። የወርቅ ካርድ የያዘ ደንበኛ የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። የሂዩስተኑን ነገር ሳየው ማን ይላክ ብሎ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። አምሽቶ የመጣ ተላከ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ አንድ ስልክ ቢደወል ሌላ ቦታ ጥሩ ክፍል የማግኘቱ ዕድል ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተሻለ ነው። ምናልባት ጎረቤት ሆቴል፣ ምናልባትም ሲጋራ የማይጨስበት። እንግዶቹ ሲደርሱ የተጻፈ አድራሻ፣ የተከፈለ ሂሳብና የቆመ ታክሲ ይጠብቃቸው ነበር። ይበሳጩ ነበር፤ አልክድም። ግን ከዚህ ፓወርፖይንት አይሠራም። ሰው ለግማሽ ሰዓት ተጉላልቶ ግራፍ አይሥልም።

እኔ ቅሬታውን ደጋግሜ ሳነበው የክፍሉ መጥፋት መጀመሪያ ላይ ተነግሮ ያልፋል። ሰዎቹን ያቃጠላቸው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ማንም አላሰበልንም፣ ይቅርታም ነፈጉን ነው የሚሉት። ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ይቅርታ ማለት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ መፈረም የሚመስላቸው ሠራተኞች አሉ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያስለመዳቸው አለቃ ነው፤ ጥፋት ያመነ ከደሞዙ ይቆረጥበታል።

ወደ ሠራተኛው እንምጣ። ብዙ ሆቴል ውስጥ ሌሊት ሪሰፕሽን ላይ የሚያድረው አንድ ሰው ነው። እንግዳ ያስገባል፣ ስልክ ያነሳል፣ የቀኑን ሂሳብ ይዘጋል፣ ቧንቧ ፈሰሰ ሲሉት ባልዲ ይፈልጋል። ማናጀሩን ቀስቅሶ ላማክርዎት ማለት የሚያስመሰግንበት ቤት አለ፣ የሚያስቆጣበትም ቤት አለ። ሪትዝ ካርልተን ሆቴሎች ሠራተኛው አለቃ ሳያስፈቅድ ለአንድ እንግዳ ችግር እስከ 2,000 ዶላር እንዲያወጣ በመፍቀዳቸው ይታወቃሉ። ሁሉም ሆቴል ይህን ያህል ያውጣ አልልም። ግን በሌሊት ብቻውን የተቀመጠ ሰው፣ ጎረቤት ሆቴል ደውሎ በዚህ ቤት ሂሳብ ሁለት ክፍል ያዙልኝ የማለት ሥልጣን ከሌለው፣ የቀረው መሣሪያ ፊቱን ማጥቆር ብቻ ነው።

አየር መንገዶች ይህንኑ ችግር ቀድመው አልፈውበታል፤ ያውም በፍርድ ቤት ተጎትተው። በ1972 የሸማቾች ተሟጋቹ ራልፍ ኔደር ቲኬቱን ይዞ ከአሌጌኒ አየር መንገድ በረራ ላይ ቦታ ተከለከለ። ከሰሰ። በ1976 ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ክሱ እንዲቀጥል ተፈቀደለት። ኢኮኖሚስቱ ጁሊያን ሳይመን ደግሞ ቀላል ሐሳብ ይዞ አየር መንገዶችን ሲወተውት ከርሟል። ሰውን አታባርሩ፣ ገንዘብ አቅርቡና ፈቃደኛ ፈልጉ ነው ያለው። መጀመሪያ ሳቁበት። በ1978 ግን መጀመሪያ ፈቃደኛ ይጠየቅ የሚለው የአሜሪካ ደንብ ሆነ። በአውሮፓም በ2004 በወጣው ሕግ ያለፈቃዱ የቀረ መንገደኛ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ይካሳል።

ሆቴል ይህን ለመሥራት ሕግ መጠበቅ የለበትም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ክፍሉ እንደማይበቃ ከታየ፣ ገና ላልደረሱ እንግዶች መልእክት ይላክ። ዛሬ እዚያ ማዶ ያለው ሆቴል ቢያድሩ ሂሳቡን እኛ እንችላለን፣ ይስማማሉ? በነፃ ማደር የሚጠላ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ቢያንስ አንዱ እሺ ይላል። ያ እሺ ባይ ሌሊት ላይ ከሚቆጣው ሰው በብዙ ይረክሳል።

አምሽቶ ለሚደርስ እንግዳም ከዚህ ጉዳይ የሚወሰድ ነገር አለ። ካርድ መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ እነዚህም ሰጥተው ነበር። ከሰዓት በኋላ ለሆቴሉ ራሱ ይደውሉ፤ ክፍሉን ላስያዘልዎት ድርጅት አይደለም። በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ ይንገሩ፣ ያነጋገረዎትን ሰው ስም ይያዙ። ክፍል የለም ከተባሉ ደግሞ ስለ ጋራንቲ ትርጉም አይከራከሩ። ሁለቱ ሰዎች ያንን ሞክረው አልሆነላቸውም። የት ነው የምትልኩኝ፣ ማን ነው የሚከፍለው፣ መኪናው የታለ ብለው ይጠይቁ። ሠራተኛው ሰበብ ማቅረቡን ትቶ ስልክ ወደ ማንሳት ይሄዳል።

አንድ የከነከነኝ ነገር አለ። ፓወርፖይንቱ ያስቃል፣ በደንብ ተሠርቷል፣ እንግዶቹም እውነት አላቸው። ሆኖም በየገጹ የሚመላለሰው የሌሊቱ ሠራተኛ ስም ነው። የመጀመሪያ ስሙ ብቻ ቢሆንም፣ ሆቴሉና ከተማው አብረው ተጽፈዋል። የተናገራት እያንዳንዷ ቃል ከነደቂቃዋ ዓለምን ዞረች። አዎ፣ ክፉ ተናግሯል። ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት። ግን ክፍሎቹ ተበላሽተው እያለ ስንት ቡኪንግ ይቀበል የሚለውን የወሰነው እሱ ነው? ለሌሊት ሠራተኛ ምን ሥልጣን ይሰጠው የሚለውንስ? እንግዶቹ ራሳቸው ይህን ሳያስቡት የቀሩ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው የሁለት ሰው ማዕረግ ነው። አንደኛው የሆቴሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለተኛው የሪሰፕሽኑ ኃላፊ። በዚያች ሌሊት ሁለቱም ጠረጴዛው ጀርባ አልነበሩም።